ሙጫና ጀበና

ሱቅ ሄዶ «ጠንካራ ሙጫ ስጠኝ» ያለ ሰው፣ የሚሰጠው ያችው ትንሿ የሱፐር ግሉ ቱቦ ናት። «ብረት ሳይቀር ትይዛለች!» ይላል ባለሱቁ። እውነቱን ነው፤ ግን የእኛ ቤት ወንበር ብረት አይደለም።

እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝ፤ ኬሚስትሪን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተሰናብቼዋለሁ። ሆኖም የቤታችን ጠጋኝ እኔ ነኝና አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ዕቃው ነገ ምን እንደሚደርስበት ሳያስቡ ሙጫ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ከአየሩና ከዕቃው ላይ ባለችው እርጥበት ነው። ስለዚህ ጠብታ ትበቃዋለች፤ ሲበዛ ይዘገያል፣ ይደክማልም። ታሪኩ ያስቃል፤ ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1942 ሲያገኘው፣ የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገረ ተተወ፤ ገበያ የወጣው በ1958 ነው። ጣት ከጣት ቢያጣብቅባችሁ እንዳትጎትቱ! ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ነክሮ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ነው። ጥጥ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ግሎ ያቃጥላል።

መታጠፍና መመታት አይወድም። የጫማ ሶል ማስቲሽ ነው የሚፈልገው፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ እንዳያችሁት፣ ሁለቱንም ፊት ቀብቶ፣ ጠፈፍ እስኪል ጠብቆ፣ ገጥሞ በመዶሻ መምታት (መስኮት ከፍታችሁ፤ ሽታው ክፉ ነው)። ለወንበር እግር የአናጢ ነጭ ኮላ ይበቃል። አሮጌው ሙጫ ተፍቆ፣ በገመድ ተጠፍሮ ካደረ፣ እንጨቱ ሌላ ቦታ ይሰበራል እንጂ መጋጠሚያው አይለቅም።

ጭቅጭቁ የመጣው በአያቴ ጀበና ነው። አንገቷ ተሰበረ። እናቴ «ያንን ኃይለኛውን አምጣና ለጥፍልኝ፤ እሁድ ቡና አለ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ተራው ሱፐር ግሉ 80 ዲግሪ አካባቢ መድከም ይጀምራል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሆና እንኳ ውሃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚቀባው ኢፖክሲ ሸክላን አጥብቆ ይይዛል፤ ግን እሱንም እሳት ያለሰልሰዋል፤ ደግሞስ ሙጫ የነካውን ቡና ማን ይጠጣል?

«ታዲያ ቡና ያልፈላባት ጀበና ምን ትባላለች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በኢፖክሲ ገጠምኳት፤ ስንጥቋ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። እሁድ ቡናው የፈላው ከጎረቤት በተዋስነው ጀበና ነው። እናቴ ግን የአያቴን ጀበና ከቡፌው አውርዳ፣ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣ ነው የቀዳችው።