ሰዓቴ «ደህና ነሽ» ሲለኝ

እህቶቼ፣ አሁን አሁን የብዙዎቻችን እጅ ላይ ስማርት ሰዓት አለ። አንዷ ከደሞዟ አጠራቅማ ገዝታዋለች፣ ሌላዋ ዴራ ሱቅ ውስጥ ተከራክራ በርካሽ ወስዳዋለች፣ እንደ እኔ ያለችው ደግሞ የማዳም ልጅ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ተቀብላለች። እርምጃ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይቆጥራል፣ የልብ ምትም ይቆጥራል። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው። ምክንያቱም ሰዓቴን አምኜ ራሴን ልጎዳ ነበር።

ሻርጃ፣ አል ኻን አካባቢ ነው የምሠራው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እሁድ ዕረፍቴ ነው። ባለፈው ዓመት ጃንዋሪ ላይ፣ ብርዱ ደስ በሚልበት ወር፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጠዋት ጠዋት አል ማምዛር ባሕር ዳርቻ መሮጥ ጀመርን። አንዷ ከአጅማን በአውቶቡስ ትመጣለች። ሌላዋ ዱባይ፣ ዴራ ነው የምትኖረው፤ አገር ቤት ነርሲንግ ተምራለች፣ እዚህ ግን የቢሮ ጽዳት ነው የምትሠራው። አል ማምዛር ዱባይና ሻርጃ የሚገናኙበት ስለሆነ ለሦስታችንም ይመቻል። ሩጫ ስላችሁ ግን ኃይሌን እንዳታስቡ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የዱባይ ማራቶንን ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏልና፣ ኢትዮጵያዊት ስትሮጥ ያየ የታክሲ ሹፌር ሁሉ «ኃይሌ! ኃይሌ!» ይለናል። የእኛ ግን ከፈጣን እርምጃ ትንሽ ከፍ ያለች ሶምሶማ ናት።

በሁለተኛው እሁድ ነው። ገና አሥር ደቂቃ ሳንሮጥ ሰዓቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳየው የልብ ምቴ 168 ይላል። ዕድሜዬ 34 ነው። ሰዓቱ ራሱ የሚጠቀምበት ስሌት አለ፤ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ «ልብሽ ከዚህ በላይ አይሄድም» ይላል። የእኔ 186 መሆኑ ነው። እና ወሬ እያወራሁ፣ እየሳቅሁ፣ ልቤ ጣሪያው ጋ ሊደርስ ነው ማለት ነው! ደነገጥኩ። ቆሜ ደረቴን ያዝኩ። እናቴ በልብ ሕመም ነው ያረፈችው፤ እሷ ትዝ አለችኝ።

የዴራዋ ጓደኛዬ ግን አልደነገጠችም። «እጅሽን ስጪኝ» አለችና ሁለት ጣቷን ከአውራ ጣቴ ሥር፣ አንጓዬ ላይ አሳርፋ፣ ስልኳን እያየች 15 ሰከንድ ቆጠረች። 31። በአራት አባዛችው። 124።

«ልብሽ 124 ነው። ቅድም የሮጥሽ ጊዜ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል እንጂ 168 አልነበረም» አለችኝ።

«ታዲያ ሰዓቱ ከየት አመጣው?»

«ከእግርሽ» አለችና ሳቀች።

እውነቷን ነበር። መልሰን ስንሮጥ እርምጃዬን ቆጠረችልኝ፤ በደቂቃ 165 አካባቢ ነው። ሰዓቱ የቆጠረው ልቤን ሳይሆን እግሬን ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ያስረዳችኝን ላስረዳችሁ። ሰዓታችሁን አውልቃችሁ ከሥሩ እዩት፤ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር አንጓችን ላይ ያለው ደም ለቅጽበት ይጨምራል፣ ያኔ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ነው የሚቆጥረው። ሐኪም ቤት ግን ኢሲጂ የሚባለው መሣሪያ የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ ኢሲጂው ከልብ ይሰማል፣ ሰዓቱ ቆዳ ላይ የሚያየውን ጥላ አይቶ ይገምታል።

ቁጭ ስንል ግምቱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ስንሮጥ ግን እጃችን ይወዛወዛል፣ ሰዓቱ ከቆዳው ላይ ይንሸራተታል፣ ደሙም ከእጃችን ጋር ይናጣል። ያ ሁሉ ንቅናቄ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የእጃችን ውዝዋዜ ደግሞ ከእግራችን ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰዓቱ የልቡን ምት ከእርምጃው መለየት ያቅተውና እርምጃውን ይዞ ይሄዳል።

ይህን የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያለው የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች 50 ጤነኛ ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጠው የአንጓ መሣሪያዎችን ከኢሲጂ ጋር አነጻጽረው ነበር፤ ውጤቱ በ2016 ወጣ። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ከኢሲጂው ጋር በጣም ተቀራረበ። የእጅ ሰዓቶቹ ግን አንዱ ከሌላው እየተለያየ ይስቱ ነበር። በ2017 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሰባት ዓይነት መሣሪያ በ60 ሰው ላይ ሞከሩ። በልብ ምት ስድስቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት አለፉ። በካሎሪ ግን አንዱም አላለፈም፤ የተሻለው እንኳን በ27 በመቶ ነበር የሳተው፣ የባሰው በ93 በመቶ። ስለዚህ «ዛሬ 500 ካሎሪ አቃጥያለሁ» ብላችሁ እራት የምትዘሉ እህቶች፣ እባካችሁ ብሉ።

የአጅማኗ ጓደኛዬ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል አንጓዋ ላይ አለ። ሰዓቷ ስትሮጥ 70 ይላታል፣ አንዳንዴ ሰረዝ ብቻ ያሳያታል። «የእኔማ ልብ አርፏል» እያለች ታስቀን ነበር። ነገሩ ንቅሳቱ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ብርሃኑን ስለሚውጠው ሰዓቱ የሚያነበው ያጣል። ወደ ሌላኛው እጇ ስታዛውረው ተስተካከለ። የቆዳችን ጥቁረትስ? ጥቁር ቆዳም ብርሃን ይውጣል። በዚህ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም። የስታንፎርዱ ጥቁር ቆዳ ላይ ስህተቱ እንደሚጨምር አየ። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 53 ሰው ላይ ባደረጉት ግን በቆዳ ቀለም ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ያገኙት ሰው ሲንቀሳቀስ ስህተቱ ካረፈበት ጊዜ በአማካይ በ30 በመቶ እንደሚጨምር ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የእሁድ ጠዋት ሳቅ ነበር። ኦገስት ላይ ሳቁ ቀረ።

ያን ሰሞን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ማታ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት፤ ኦገስት መቼስ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮስኩ ራሴን አዞረኝ። ካውያውን አቁሜ ግድግዳ ተደገፍኩ። ማዳም መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደነገጠች። እጄን ያዘችና ሰዓቱን አየችው። 78 ይላል። ፊቷ ፈካ አለ። «ቀልብ ዘይን! ማፊ ሙሽኪላ» አለችኝ። ልብሽ ደህና ነው፣ ችግር የለም ማለቷ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? እኔ፣ ሰዓቱ እግሬን ልብ ብሎ እንደቆጠረ ዓይኔ ያየ ሴት፣ «አዎ ማዳም፣ ዘይን» አልኩ። ውሃ ጠጥቼ ወደ ካውያው ተመለስኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ማመን ስለፈለግሁ ነው። ደህና ከሆንኩ ክሊኒክ የለም፣ «ይቺ ታማሚ ናት» መባል የለም፣ ኮንትራቴ ሊታደስ ሦስት ወር ቀርቶታል፣ የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ክፍያም አለ። 78 የሚለው ቁጥር የፈለግሁትን ነገረኝ። ጃንዋሪ ላይ ያስፈራኝን ቁጥር መረመርኩት፤ ኦገስት ላይ ያስደሰተኝን ግን ማን ይመርምረው?

ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱን አወለቅሁና እንደ ጓደኛዬ ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አደረግሁ። በ15 ሰከንድ 28። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 28። 112 ማለት ነው፣ ቁጭ ብዬ! ደወልኩላት። «ካውያ ጨብጠሽ፣ አንጓሽን እያጠፍሽ፣ ማሰሪያውም ላልቶ፣ እሱ ምን ያያል?» አለችኝ። «ደግሞስ ትክክል ቢሆንስ? ሰዓቱ ደምሽን አይለካ፣ ግፊትሽን አይለካ። አንቺ ራስሽን ያዞረሽን ልጅ ትተሽ ሰዓቱን ትሰሚያለሽ?» ተቆጣችኝ። አለቀስኩ።

ጠዋት ለማዳም ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ አሳየኋት። የእሷንም ጣት አስቀመጥኩላት። አብራኝ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ ብዙ አላከራከረችኝም፤ በዚያው ቀን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሄሞግሎቢኔ 8 ሆኖ ተገኘ። ለሴት 12 እና ከዚያ በላይ ነው ደህና የሚባለው። የደም ማነስ። ደም ሲያንስ ልብ ያለውን ደም ቶሎ ቶሎ እያዞረ ሊያካክስ ይሞክራል፤ ለዚህ ነው የሚሮጠው። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ የወር አበባዬ ከዓመት ወዲህ በጣም እንደሚበዛ ነገርኳት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ምግቤንም ጠየቀችኝ፤ ብዙ ቀን ሻይ በዳቦ ነው የምውለው፣ ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ አይረኑን ይይዘዋል። የአይረን ኪኒን ሰጠችኝ፣ ለማህፀን ምርመራም ላከችኝ። አሁን ደህና ነኝ፤ እሁድ እሁድም ተመልሻለሁ።

እህቶቼ፣ ሰዓቱን ጣሉት አልልም። እኔም አልጣልኩትም። ቁጭ ብዬ፣ ከእንቅልፍ ስነሳ አየዋለሁ፤ በሳምንታት ውስጥ ከለመድኩት ከፍ ሲል ለራሴ ምልክት ነው። ስሮጥ ከአንጓዬ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ፣ ሳይቆነጥጠኝ ጠበቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ሩጫ ስጀምር ወይም ፍጥነት ስለውጥ ቁጥሩ ዘግይቶ እንደሚደርስ አውቄ አልቸኩልም። መወልወያ ስጨምቅ፣ ምንጣፍ ስጠርግ፣ ስተኩስ የሚለውን ግን አላምነውም፤ አንጓ ሲታጠፍና እጅ ሲጨብጥ ማንበቡ ይበላሻል። ከ220 ላይ ዕድሜ የሚቀነስበት ስሌትም የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንቺ ከዚያ በአሥር ምት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል።

ከሰዓቱ በፊት ጣታችሁን ልመዱ። አመልካች ጣትና የመሃል ጣት፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። እንደቆማችሁ ወዲያው ቁጠሩ፣ ልብ ቶሎ ይወርዳልና። 15 ሰከንድ በአራት። አንድ ምት ብታልፉ በደቂቃ አራት ይሳሳታል፤ ካልተማመናችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ። ከዚህም የሚቀል አለ፤ እየሮጣችሁ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ ልክ ናችሁ። አንድ ቃል መተንፈስ ካቃታችሁ ቀንሱ።

ደረት ሲጨመድድ፣ ሲያዞር፣ ልብ በድንገት ሲዘል፣ ትንፋሽ ያለ ምክንያት ሲያጥር ግን መቁጠርም አይደለም፤ ሰዓቱ ምንም ይበል፣ ተቀመጡ፣ ለሰው ንገሩ። ባሰ ጊዜ የአምቡላንስ ቁጥሩ 998 ነው። የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2022ቱ ቁጥር 9 ድንጋጌ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጠናል፤ በሐኪም ወረቀት ደግሞ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለን፣ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ደሞዝ ሳይቆረጥ። ይህን ሳላውቅ ነው ካውያው ጋ የተመለስኩት።

ማዳም «ቀልብ» ስትል በዓረብኛ ልብ ማለቷ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ቀልብ ሌላ ነው፤ «ቀልብሽን ሰብስቢ» ስንባል ራስሽን አስተውዪ ማለት ነው። ያን ቀን ማዳም ስለ ልቤ ስትናገር፣ እኔ ያጣሁት የእኛን ቀልብ ነበር።

እሁድ ጠዋት አል ማምዛር የምትመጡ ካላችሁ፣ ሦስት ሴቶች ቆመው አንጓቸውን ይዘው ሲቆጥሩ ካያችሁ እኛ ነን። ኑ፣ አብረን እንቁጠር።