ጄምስ ቦንድ ከአልዌሮ ዳር ሲታይ

ወዳጄ፣ አቦሉ ወርዷል፤ ቶናው እየፈላ ነው። ቡና ያለ ወሬ አይጥምምና ዛሬ ስለ ጄምስ ቦንድ እንጫወት። አልዌሮ ግድብ አጠገብ፣ አቦቦ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ እንግሊዝ ሰላይ ማውራት ምን የሚሉት ነው ትለኝ ይሆናል። ታገሰኝ፤ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚሁ ውሃ ላይ ያደርሰናል።

ወሬው የተነሳው ቦንድ እንደገና ሊጀመር ነው ስለተባለ ነው። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ አማዞን ኤምጂኤም የፊልሙን የፈጠራ ሥልጣን ለብዙ ዘመን ይዘውት ከኖሩት የብሮኮሊ ቤተሰቦች ተረከበ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ደግሞ አዘጋጁ ዴኒ ቪልኔቭ እንደሚሆን ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ወዳድ በተሰበሰበበት ሁሉ ክርክሩ አንድ ነው፤ ቦንድ ማን ይሁን? ወጣት ይሁን ጎልማሳ? መልኩስ?

ይህ ክርክር አዲስ ይመስልሃል? አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ክሬግ ተመረጠ ሲባል «ጸጉሩ ወርቃማ ነው፣ ቁመቱም ያጥራል፣ ቦንድ አይሆንም» ብለው ፊልሙን አናይም ያሉ ነበሩ። ልብ በል፣ ፊልሙ ገና አልተቀረጸም! በ2006 «ካሲኖ ሮያል» ወጣ። ታሪኩ ቦንድን ከሀ አስጀመረው፤ የመግደል ፈቃዱን ገና የሚያገኝ፣ ቁጡ፣ ብዙ የሚሳሳት ጎረምሳ አድርጎ አመጣው። ፊልሙ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ሲራገሙ ከነበሩትም ብዙዎቹ አጨበጨቡ። ሳያዩ መፍረድ እንዲህ ነው።

ታዲያ ተመልካቹን ምን ለወጠው? ደሙ ነው እላለሁ። የቀድሞው ቦንድ ከገደል ወድቆ ኮቱን አራግፎ ይነሳ ነበር። ክሬግ ግን ሲመታ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ያምጣል። ቬስፐር የምትባል ሴት ይወዳል፣ ትከዳዋለች፣ ቬኒስ ውሃ ውስጥ ስትሰጥም ሊያድናት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ተመልካች ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ቦንድ ማለት ሳቁና መኪናው፣ የሚፈነዳው እስክሪብቶው ነው፤ ይኼ ፊቱ የማይፈታ ሰው ከየት መጣ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «አሁን ገና ሰው ሆነ» ይላል። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የክሬግ የመጨረሻ ፊልም ቦንድ ሲሞትማ ጠቡ ባሰ።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ሰላይ ማለት ያየውን የማይናገር፣ የሚወደውን የማያምን ሰው ነው። አባቶች «ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል» ብለዋል። ያ ዝምታ ዋጋ ሲያስከፍል ካላየሁ የስለላ ፊልም ተኩስ ብቻ ይሆንብኛል።

ደግሞ እኛ አማርኛ አንባቢዎች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ እየመለሱ ስንቱን አንባቢ እንቅልፍ ነሥተውታል! «ሰላዩ ሬሳ»ን አስታወስከው? ነገሩ በእውነት የሆነ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች አንድ ሬሳ የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ የሐሰት ደብዳቤ አሲዘው በስፔን ባሕር ዳርቻ ጣሉት፤ ጀርመኖችም ተታለሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። የሚገርመው፣ ሬሳን ለማታለያ የመጠቀም ሐሳብ አስቀድሞ ከሰፈረባቸው ወረቀቶች አንዱ የወጣው ኢያን ፍሌሚንግ ከሚሠራበት የባሕር ኃይል የስለላ ቢሮ ነበር። ፍሌሚንግ ማነው? ቦንድን የፈጠረው ደራሲ! የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ፍቅርንና ስለላን አንድ ላይ አጋምዶ ነው የመጣው። ፍቅር ለሰላይ አደጋ መሆኑን ለመረዳት እኛ ክሬግን አልጠበቅንም።

ስኒህን አቀብለኝ፤ ቶናው ደርሷል። አሁን ወደ ውሃችን እንምጣ።

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጎልደን አይ» አይተኸዋል? ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ ቦንድ በፒርስ ብሮስናን ሲመለስ የጀመረው በግድብ ነው። ከግድቡ አናት ተወርውሮ ቁልቁል ይወርዳል። በታሪኩ ግድቡ የሶቪየት ነው፤ የተቀረጸው ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ 220 ሜትር በሚረዝመው የቬርዛስካ ግድብ ላይ ነው። አዘጋጁ ማርቲን ካምቤል ይባላል፤ «ካሲኖ ሮያል»ንም ያዘጋጀው እሱው ነው፤ ቦንድን ሁለት ጊዜ አስነሥቷል።

እውነተኛውን የሶቪየት ግድብ ማየት ለፈለገ ግን ይኸው አልዌሮ አለለት። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ አቦቦ ላይ የሠሩት ነው። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ የታሰበው 10 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነበር። ደርግ ወደቀ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰ፣ የመስኖው ውጥን መንገድ ላይ ቀረ። ውሃው ተኝቶ፣ ማሳው ዝናብ እየጠበቀ ዓመታት አለፉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አትልም? ኋላ ላይ ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ለሩዝ እርሻ መጣ፤ መሬቱና ውሃው ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነሳ።

ለዚህ ነው ስለ «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ስሰማ የሚከነክነኝ። ይህ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የክሬግ ፊልም ነው። ዓለም ደካማው ነው ይለዋል። ምክንያትም አለው፤ የሆሊውድ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበሩ ጽሑፉ ሳይበስል ነው ወደ ቀረጻ የገባው፤ ድብድቡም ዓይን እስኪያዞር ተቆራርጧል። ይሁን እሺ። ግን ክፉው ሰው የሚሠርቀው ምንድን ነው? ወርቅ አይደለም፣ ቦምብም አይደለም። ቦሊቪያ በረሃ ውስጥ ከምድር በታች ውሃ ይገድባል፤ ሁሉም ነዳጅ ፍለጋ ይመስለዋል። መንደርተኛው ባዶ እንስራ ይዞ በደረቀ ቧንቧ ሥር ይቆማል። ቦንድ በመጨረሻ ያንን ሰው በረሃ ላይ ሲተወው የሚሰጠው የሞተር ዘይት ነው፤ «ስትጠማ ጠጣው» እንደማለት።

ለንደን ተቀምጦ ለሚያይ «ውሃ የሚሠርቅ ሌባ» ሊቀልበት ይችላል። አልዌሮ ዳር ተቀምጦ ለሚያይስ? እዚህ ውሃ የማን ነው የሚለው የየቀኑ ጥያቄ ነው። ቦሊቪያም ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. የኮቻባምባ ሕዝብ የውሃ አገልግሎቱ ለኩባንያ ተሰጥቶ ዋጋው ሲንር አደባባይ ወጥቶ አስመልሷል። እኔ ይህን ፊልም ከክሬግ ፊልሞች ሁለተኛ አደርገዋለሁ። አስተያየት ልክ እንደ ውሃ ልክ ነው፤ ከቆምክበት ቦታ ይነሳል። ስለዚህ የውጭ ተቺ ደካማ አለው ብለህ የራስህን ፍርድ አትዋጥ።

ሰላይ ሲባል ደግሞ ይኸው ምድር ራሱ ያየው ታሪክ አለ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኑዌርንና የአኙዋን ሕዝቦች አጥንቶ ነበር። ጣሊያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሲገባ፣ በ1940 እና 1941 እ.ኤ.አ.፣ ያ የመጽሐፍ ሰው ጥቂት የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች በኩል የጣሊያንን ጦር እየቃኘና እያደፈጠ ወጋ። የእሱን ስም ዓለም ያውቀዋል። ሣሩ ውስጥ መንገድ የመሩት፣ ጠላት የት እንዳደረ ዱካ አይተው የነገሩት ግን አኙዋዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ አንድ ቀን ባልዋለ ነበር። እስቲ አስበው፤ ጫማ የለ፣ ዘመናዊ መሣሪያ የለ፣ ወንዙንና ሰዉን ማወቅ ብቻ። ከዚህ የበለጠ የስለላ ፊልም ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ወዳጄ፣ አዲሱ ቦንድ ሲታወጅ በጸጉሩና በቁመቱ አትከራከር። ምን ያጣል? ለማን ብሎ ይቆስላል? የሚጠብቀውስ የማንን ሀብት ነው? ብለህ ጠይቅ። መልስ ካለው ማንም ይጫወተው፤ እኔ ተመልካቹ ነኝ። የጊሎን ቃኚዎች ታሪክ በአኙዋ ቋንቋና በአኙዋ ተዋናዮች ሊሠራ የሚነሳ የጋምቤላ ወጣት ካለ ደግሞ ከቦንድ በፊት ትኬት የምቆርጠው ለእሱ ነው።