ችግሩ መቼ ይጀምራል?

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ቤተሰብን አስቀድሜ የምጠይቀው «ችግሩ መቼ ይጀምራል?» ብዬ ነው። ታላቅ ወንድሜ በብድር የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ስታልፍ ብትንቀጠቀጥበት፣ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ተጨነቀ። ያንኑ ጠየቅሁት። በፍጥነት ጊዜ መሪው ከተንቀጠቀጠ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ፣ መቀመጫው ከሆነ የኋላ ጎማ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ፣ ፍጥነት ሲጨመር ብቻ ከሆነ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ይመረመራል። የእሱ መሪው ላይ ነበር። ይህን በወረቀት ጽፎ፣ ልጁን ለአስተርጓሚነት ከትምህርት ቤት ሳያስቀር ብቻውን ጋራዥ ሄደ። ጎማዎቹ ባላንስ ተደረጉ፤ ቸርኬው ላይ ጥቂት ግራም ክብደት ተለጠፈ፤ መኪናዋም ረጋች። እናንተም ሳትዘገዩ አስመርምሩ፤ ነገር ግን መቼ፣ የትና በስንት ፍጥነት እንደሆነ ጽፋችሁ ሂዱ።