ሐረር ለመሄድ፦ ባቡር ወይስ የኪራይ መኪና?

እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባት። ሐረር በመምህርነት ከተመደብሁ ወዲህም «የምትኖርበትን አገር ሳላይ ልሙት?» እያለች ትወቅሰኝ ነበር። እንግዲህ ባለፈው ዓመት የመንፈቁ ዕረፍት ሲደርስ አዲስ አበባ ሄጄ ላመጣትና ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ልፈጽም ቆረጥሁ። የቀረው፣ በምን እንሂድ የሚለው ነበር።

ወንድሜ «መኪና ከነሹፌሩ ተከራይ» አለኝ። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፤ መኪና ደግሞ ባሻት ስፍራ ያወርዳታል፤ ቁልቢም ያለው በመኪናው መንገድ ላይ ነው። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን በአዳማ፣ በአዋሽና በጭሮ በኩል እስከ ሐረር 525 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የኪራይ መኪና ደግሞ ቆሞም ያስከፍላል። እኛ አራት ቀን ሐረር ስንሰነብት መኪናው ከግንቡ ውጭ ቆሞ፣ ሹፌሩም አበሉን እየተቀበለ፣ የወር ደመወዜን ሊጨርሰው ሆነ።

ባቡሩስ? የሐረርና የባቡር ነገር ከጥንቱ አልተቃናም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ አስቀድሞ ይደርሳል የተባለው ሐረር ነበር። ዳሩ ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከተራራ ላይ ተቀምጣለች። ዳገቱን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ስለ ከበደ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደረሰና እዚያ የተቆረቆረው ጣቢያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚያልፈው በቆላው ነው። «ሐረር በባቡር ሄድሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የመጨረሻውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር በምን እንደ ወጣው ጠይቁት።

አውሮፓ ደርሰው የመጡ ጓደኞቼ ባቡርን ሲያወድሱ፣ በብዙው ከተማ ከጣቢያ ወጥቶ በእግር ገበያ መግባት ይቻላል ይላሉ። የእኛም የድሮው ባቡር እንዲሁ ነበር፤ ለገሃርም የድሬዳዋው ጣቢያም ከከተማ መካከል ነበሩ። አዲሶቹ ጣቢያዎች ግን ከከተማ ወጣ ስላሉ ለቡ ለመድረስ አንድ ታክሲ፣ ድሬዳዋ ሲወርዱ ሌላ ታክሲ ያሻል። ይህን አስቀድሜ አላሰብሁትም ነበር።

የሆነው ሆኖ ባቡሩን መረጥሁ። እናቴ እግሯን ዘርግታ፣ አጠገቧ ከተቀመጡ አንዲት ነጋዴ ጋር ስንቅ ተካፍላ፣ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ አዋሽን አለፍን። ስለ ጉልበቷ አንዴም አላነሣችም። እኔም ወንድሜን በሐሳቤ ረታሁት።

ድሬዳዋ ስንወርድ ግን በስልክ የተስማማሁት ሹፌር የለም። ብደውልለት «ሌላ ሰው ጭኛለሁ» አለኝ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። እናቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ከወንድሜ ክርክር ይልቅ ከበደኝ። እዚያው ድሬዳዋ አደርን።

በማግስቱ ለአንድ ቀን ብቻ መኪና ተከራየሁ። ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተን ደንገጎ ስንደርስ በስተ ቀኝ ወደ ቁልቢ ታጠፍን። ታኅሣሥ 19 ቀን ሕዝብ የሚያጥለቀልቀው ቅጥር ጸጥ ብሎ ነበር። እናቴ የስለቷን ጥላ አስገብታ ስትወጣ ስለ ምን እንደ ተሳለች ጠየቅኋት። «ሥራ እንድትይዝልኝ ነበር፤ ሩቅ ይሁን ግን አላልሁም» ብላ ሣቀች።

ሐረር ደርሰን መኪናውን አሰናበትነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ መኪና የሚገባበት በር ኋላ የተከፈተ ነው። በእርሱ እስከ ፈረስ መጋላ ይደረሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት መተላለፊያዎች ግን አብዛኞቹ የተጫነች አህያ ስትመጣ ከግድግዳው የሚያስጠጉ ናቸው። መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እናቴ እዚያ የቀሚሷን ጠርዝ አሰፋች። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ከተማ 82 መስጊዶች እንዳሉ ስነግራት ልትቆጥራቸው ፈለገች፤ ጉልበቷ ግን በሰባተኛው ላይ እምቢ አለ። አንዲት የሐረሪ እናት ከደጃቸው በርጩማ አውጥተው «ኑ፣ እዚህ ይረፉ» አሏት። ስንሄድም «ነገ ቡና ይዘን እንጠብቅዎታለን» ብለው ተቀጣጠሩ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያው ተገኘች።

ስንመለስ ባቡሩን እንቢ አለች። «በመጣንበት ቆላ ያየሁት እሾህና ግመል ነው፤ አሁን ደጋውን አሳየኝ» አለችኝ። ሲነጋጋ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ዋጋው ከኪራዩ ጋር አይተያይም፤ ለጉልበት ግን ይጠባል። የጨርጨርን ተራሮችና የጫቱን እርሻ እያየች አንዴም አላንቀላፋችም። ከዚያ ቀደም ብሎ በቁልቢ በኩል ስናልፍ በመስኮቱ አጎንብሳ ስትሳለም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ «ደግሞ ምን ተሳልሽ?» አልኋት።

«ዝውውርህን» አለችኝ።