«ችግር የለም» እና ሌሎች የማይጠቅሙ አስተያየቶች

ዳባት ላይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወለደው፣ የሚሞተው፣ ወደ ቀበሌው የሚገባውና ለቆ የሚሄደው ሰው ይመዘገባል። ሥራው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰው ሐኪም ሳያየው ቤቱ ሲሞት፣ ለቅሶው በረድ ካለ በኋላ ጠያቂ ይሄድና ያስታመመውን ሰው ያነጋግራል። «በምን ሞተ?» ብቻ ብሎ ቢመለስ የሚያገኘው መልስ ይታወቃል፦ «ምች ነው»፣ «ቀኑ ደርሶ ነው»። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። ያስለው ነበር? ስንት ቀን? ትኩሳቱ ከሳሉ ቀድሞ መጣ ወይስ ተከትሎ? የሞቱን ምክንያት የሚወስነው ኋላ መልሱን የሚመረምረው ክፍል ነው። ከቤተሰቡ የሚፈለገው ያየውን መናገር ብቻ ነው።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢማሩ ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል።

የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት የሚጓዘው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው ይችላል። ኦስሎ ለተቀመጠ ፕሮግራመር ግን ዓመት 12 ወር ነው። አምስት ቀን ብቻ ያለው ወር መኖሩን፣ ዓመቱ መስከረም ሲጠባ በጀቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ የጤና ሪፖርት ደግሞ ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 እንደሚቆጠር ካልተነገረው ከየት ያውቃል? ዛሬ ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። «ቀኑ ይሳሳታል» በሚል ቅሬታ ብቻ እዚህ አይደረስም፤ አቆጣጠሩን ከነጳጉሜን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይጠይቃል።

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ስንወርድ ነገሩ ይከብዳል። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የቤተሰብ ማህደሩን ወደ ታብሌት እንድታዛውር የተሠራ ሌላ ሥርዓት አለ፤ እሱም የተገነባው በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሲስተሙ እንዴት እንደሆነ የምትጠየቀው መቼ ነው? አንድም በሥልጠናው የመጨረሻ ቀን፣ አበል ሊከፈል ሲል፣ «በጣም ጥሩ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እየተደረገ ነው። አለዚያም ሱፐርቪዥን ሲመጣ ነው። ከወረዳ የመጣ ሰው ቅጽ ይዞ «ሲስተሙ እንዴት ነው?» ሲላት የምትሰማው «ሥራሽን ትሠሪያለሽ?» የሚለውን ነው። «ችግር የለም» ትላለች። ምን ትበል? ግምገማ አለባት። (በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቁልፉ የዛገውን የአስተያየት መስጫ ሳጥን አስታውሱ።)

አስተያየቷ ግን ከታብሌቱ ጎን ባለው ደብተር ላይ ተጽፏል። ታብሌት ተሰጥቷት ደብተር የማትተው ከሆነ፣ ደብተሩ ውስጥ ታብሌቱ የማይችለው ነገር አለ። ጠያቂው ቅጹን ቦርሳው ውስጥ ከቶ «እስቲ እህቴ፣ የትናንቷን እናት እንዴት እንደመዘገብሻት አሳዪኝ» ቢላትና ዝም ብሎ ቢያይ፣ ጣቷ የት እንደሚቆም ያያል።

ምሳሌ እንውሰድ። «ነፍሰ ጡሯን ባለፈው በፀሐዩ ‹ፀ› ‹ፀሐይ› ብዬ መዘገብኳት። ትናንት ስትመጣ ‹ጸሃይ› ብዬ ብፈልጋት አጣኋት። እንደ አዲስ መዘገብኳት። አሁን ሁለት ሰው ሆናለች።» ይህ አስተያየት ሙሉ ነው። ምን እንዳደረገች፣ ምን እንደጠበቀች፣ ምን እንደሆነ አለበት፤ ኮድ የሚጽፈው ሰው ራሱ ሞክሮ ሊያየው ይችላል። «ሰርቹ አይሠራም» ብትል ኖሮ ማንም ምንም አያደርግለትም። የመጀመሪያዋ «ፀሐይ» በመዝገቡ ላይ ክትትሏን ያቋረጠች እናት ትሆናለች፤ የሁለተኛዋ ደግሞ ያለፈ ታሪኳ፣ የደም ግፊቷ ጭምር፣ አይታይም። በዚያ ቁልቁለት ላይ ምጥ ሲመጣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ አይታይም የሚባለው ነገር ሰበብ ነው። በአማርኛ በስልክ የተቀዳ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ይበቃል፤ ተርጉሞ ማስገባት የአዲስ አበባው ወይም የጎንደሩ ባለሙያ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አብሮ መታየት አለበት። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በኢንተርኔት ብቻ አስተያየት የሚሰበስብ ፕሮጀክት በእነዚያ ወራት ከደባርቅና ከዳባት የደረሰውን ቅሬታ ቢቆጥር ጥቂት ያገኛል። ያንን ቁጥር «ተጠቃሚዎች ረክተዋል» ብሎ ስላይድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠፋም።

የድምፅ መልእክቱን የላከችው ባለሙያም መልስ ትጠብቃለች። «ደርሶናል፤ የሚስተካከለው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ በስልክ ቁጥሯ ፈልጊያት» የሚላት ካገኘች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ክትባቱ ቅጽ ትልካለች። ካላገኘች ወደ ደብተሯ ትመለሳለች።