የጓሳ ብድር

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚሄድ ሰው ዋሻው ጋ ሳይደርስ ወደ ግራ ከታጠፈ መንገዱ ወደ መንዝ ያስገባዋል። መሐል ሜዳ ከመድረሱ በፊት እርሻውና መንደሩ ድንገት ይቆምና ጓሳ ይጀምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሜዳና ኮረብታ ነው። ለቦታው ስሙን የሰጠው ረጅሙ ሣር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይተኛል፤ በመካከሉ ጅብራው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ጠዋት ሜዳውን አንጥቶት ይገኛል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየተንጫጩ ይወጣሉ።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ወደዚያ የወጣሁት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ነበር። ሁለቱንም አየሁ። ልቤን የያዘው ግን የሰው ነገር ሆነ፤ ከሩቅ አገር መጥተው፣ በተማሩት አማርኛ ከመንዝ ገበሬ ጋር ክረምትና በጋ የሚያሳልፉ ሰዎች ነገር። እኔም እዚያ እንግዳ ነበርኩ። በእናቴ ቋንቋ እየተናገርኩ እንግድነት ከተሰማኝ፣ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ለቅሞ የመጣው ሰው እንዴት ይኖር ይሆን? ይህንን እያሰብኩ ሳይና ስጠይቅ ሰነበትኩ።

መንዝ እንግዳን የሚቀበለው በብርድና በጥያቄ ነው። የቤቱን አሠራር የወሰነው ብርዱ ነው፦ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ምድጃው ላይ የሚነደው ኩበት ወይም ከደጋው የመጣ ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ። እረኛው ዝናብ ሲመጣ ከሣር የተሠራ ግሳውን ይደፋል፤ ሌሊት ሰው ከበግ ፀጉር የተሸመነ ዝተት ደርቦ ይተኛል። ይህን ሁሉ እንግዳው በዓይኑ አይቶ ይረዳዋል። ጥያቄው ግን አፍ ይፈልጋል። ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ? እናትህ አሉ? ስንት ወለድክ? ገና ነህ? ታዲያ እናትህን ማን ይጦራቸዋል? ጠያቂው የሰው ጓዳ ለመሰለል አይደለም። ሰውን ያለ ዘመድ ማሰብ ስለሚከብደው እንግዳውን ከአንድ ቤት፣ ከአንዲት እናት ጋር አገናኝቶ ለማወቅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚማረው ዋጋና መንገድ መጠየቅን ነው። መንዝ ውስጥ ግን ከመጠየቁ በፊት ይጠየቃል።

ሰላምታውም ጊዜ ይፈልጋል። ጓሳን ተጠግተው ባሉት መንደሮች መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ አዳሩን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይጠያየቃል። ቀጠሮም በሰዓት ብቻ አይያዝም። «ከመድኃኔ ዓለም ማግሥት እንገናኝ» ይባላል፤ ዕዳው ለሚካኤል ይከፈላል፤ በጓ ማርያም ሳትደርስ ትሸጣለች። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ሰዋስዉን አንድ በአንድ ቢያውቅም ቀጠሮው ያመልጠዋል። በየትኛው ቀን በሬ እንደማይጠመድ፣ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደማይቀርብ፣ በልግ ሲቀር የሰው ፊት ለምን እንደሚጨልም ማወቅ ከቋንቋው ተለይቶ የሚማሩት ነገር አይደለም።

በመንዝ ከኖሩት የውጭ ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው ዶናልድ ሌቪን ናቸው። በ1931 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እኚህ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1958 ሲሆን እስከ 1960 ቆይተዋል። የአማራን ገበሬ ኑሮ ቀርበው ለማየት የመረጡት መንዝን ነበር። ያዩትንና የሰሙትን ይዘው በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስለ መንዝ ታሪክና ባህልም ለብቻው ጽፈዋል። መጽሐፉ ኢትዮጵያውያን ምሁራንን አከራክሯል። ስለ ገበሬው ጠባይ የሰጡትን ፍርድ ያልተቀበሉ ነበሩ፤ እኔም ሁሉንም አልቀበለውም። አንድ ነገር ግን አይካድም፤ ሌቪን አገሩን ለቀው ከሄዱ በኋላም ከአገሩ አልወጡም። በ1974 «ታላቋ ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ የጻፉት ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፋቸው ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ በ2004 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ በ2015 እስካረፉ ድረስም ብዙ ኢትዮጵያውያን ጋሽ ሊበን እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ጋሽ መባል በዲግሪ አይገኝም። ሰው ለሰው የሚሰጠው የቤተሰብ ወንበር ነው።

ከሌቪን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ ጓሳ ሌሎች እንግዶችን ተቀበለ። በካሊፎርኒያ የሚያስተምሩት ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን በ2005 እ.ኤ.አ. የጓሳ የጭላዳ ምርምር ፕሮጀክትን መሠረቱ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ፣ ከዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ ተለይቶ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እንስሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች በዚህ ብርድ ወራትን አሳልፈዋል። ሥራቸው መንጋውን ተከትሎ መዋል ነው፤ እያንዳንዱን እንስሳ በመልኩ መለየት፣ ማን ከማን ጋር እንደዋለ፣ ምን እንደበላ፣ ማን እንደወለደ መጻፍ። በሜዳው ላይ አብረዋቸው ከሚውሉት መካከል የአካባቢው ልጆች አሉ፤ እረኝነት ያሳለጠው ዓይናቸው ከሩቅ ይለያል።

ስለ ጭላዳው የሚነገረው ግን ከቀኑ ንግግር ትንሹ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ እህል ይገዛል፣ በቅሎ ይከራያል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ለቅሶ ቤት የሚገባ እንግዳ ብዙ ቃል አይጠበቅበትም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከሰው ጋር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ መቀመጡ ይቆጠርለታል። ሠርግ ላይ የቀረ ሰው ይረሳለት ይሆናል፤ ለቅሶ ላይ የመጣ ግን አይረሳም።

ከጓሳ ዳር ባለ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ከውጭ የመጣ ወጣት አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። የተቆላ ገብስ በሰፌድ ቀረበ፤ እንጀራው ተከተለ። ወጣቱ በእጁ ምልክት እየሰጠ፣
«እማማ፣ ጠግቤያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።
«ምን በልተህ ነው የጠገብከው፣ ልጄ? በሞቴ ይቺን ብቻ!» አሉት የቤቱ እመቤት፤ እሱም ጎረሰ።
አንዲት ጎረቤት ስለ ዘንድሮው አዝመራ በፍጥነት ታወራለች። እማማ አቋረጧት። «ቀስ ብለሽ ንገሪው እንጂ፤ ቀስ ስትይለት ይሰማል።» ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። ወጣቱም በተራው፣ «ገብሱ መጣ ወይ?» ሲል ጠየቀ።
«ገብሱ ደረሰ ወይ በል።»
«ገብሱ ደረሰ ወይ?»
«ደረሰ፣ የኔ ጌታ! ተመስገን፣ ደረሰ።»
ማንም አልሳቀበትም። ጨዋታው ለእሱ ሲባል ዝግ ብሎ ሄደ፤ ሁሉም ድርሻውን ወስዶ ሲያግዘው አመሸ።

ያን ማታ የገባኝ ይህ ነው። ስለ ቋንቋ ትምህርት ስናወራ የምናነሣው የተማሪውን ትጋት ነው። የመማሪያ መጻሕፍትን የጻፉትንም እናመሰግናለን፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የአማርኛ መማሪያ ያሳተሙትን ቮልፍ ሌስላውን የመሰሉ ሊቃውንት ምስጋና ይገባቸዋል። እማማን የመሰሉትን ግን ማንም አይጠራቸውም። ሥራ እያለባቸው ቁጭ ብለው፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳይሰለቹ ደግመው፣ የተሰበረውን ቃል አቃንተው፣ ከመሶባቸው አጉርሰው ባዕዱን ባለ አንደበት የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ስማቸው ከመጽሐፍ ጀርባ አይጻፍም። ባዕድ አገር ገብቶ በሁለተኛ ቋንቋ የሚኖር ሰው አፉን የሚፈታው በሌላ ሰው ትዕግሥት ነው። ከአገራችን ወጥተው በስቶክሆልም፣ በሪያድ፣ በዋሽንግተን የሚኖሩት ወገኖቻችን ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የታገሣቸውንም ያልታገሣቸውንም ሰው አይረሱም።

ትዕግሥት ከተቀበሉት ብድር ይሆናል። ብድሩ በምን ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ጓሳ ራሱ ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው። ከ17ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ተወላጆች ይህንን ሜዳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል። የሚጠብቀውን አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ እንዲያገግም ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ከነአለቆቹ ሻረው። ሕዝቡ ግን በሌላ ስምና በኮሚቴ መልሶ አቆመው፤ ጓሳ ዛሬም በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የሚያጭድ ሰው ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ዕውቀትም ከዚያ ሜዳ የሚታጨድ ሰብል ነውና ደንቡ አይቀየርም።

እስከ አሁን ከመንዝ የታጨደው ዕውቀት በአብዛኛው የተከማቸው በእንግሊዝኛ ጎተራ ነው። ይህ የባዕዳን ጥፋት ብቻ አይደለም። ስለ ጓሳ የጋራ አጠባበቅ በጥልቀት ያጠናው የአገራችን ልጅ ዘላለም ተፈራም በ2001 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናቱን ለእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው በእንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት፣ መጽሔቶች የሚቀበሉት እንደዚያ ነው። ጥያቄው ለገበሬው የቀረበው በአማርኛ፣ እሱም የመለሰው በአማርኛ ሆኖ ሳለ፣ ተሰብስቦ የተጻፈው እሱ በማያነበው ቋንቋ ይቀራል።

ከዚያ ዕውቀት አንዱን ለአንድ ሽማግሌ ነግሬያቸው ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. በጓሳ ላይ የታተመ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆና አይጥ ስታድን 67 በመቶ ያህሉ ሙከራዋ እንደሚሳካ፣ ብቻዋን ስታድን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሆነ ያሳያል። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው በጥሞና ሰሙኝ።
«ቀበሮዋ ከጭላዳ ጋር እንደምትውል ድሮም እናያለን፣ ልጄ። እንዲህ አብልጦ እንደሚጠቅማት ግን የቆጠረ የለም» አሉ። ጥቂት አሰብ አድርገውም፣ «ጭላዳውን ያባረረ የቀበሮዋን ጉሮሮ ዘጋ ማለት ነዋ! ይህንን እረኞቹ ሁሉ ቢሰሙት ደግ ነው» ሲሉ ጨመሩ።
ተመራማሪ ከቆጠረው ላይ ሽማግሌው ወዲያው ደንብ አወጡበት። በጓሳ ጥበቃ ሥራ ላይ የሚውል ደንብ ነው፤ ያወጡትም በቋንቋቸው ስለሰሙት ነው።

ስለዚህ ከውጭም ከአዲስ አበባም ወደ መንዝ ለሚወጡ ሁሉ የምለው አለኝ፤ ራሴንም እጨምራለሁ። አማርኛውን ለመጠየቅ ብቻ አትማሩት፤ ለመመለስም ተማሩት። ጥናት ያለቀ ዕለት ከጥናቱ ጋር አሥር ገጽ አማርኛ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ለመሐል ሜዳ ተማሪዎች፣ አንዱ ለጓሳ ጠባቂዎች ይድረስ። ማንበብ ለማይችሉት ከቅዳሴ በኋላ ሰው በሚሰበሰብበት በቃል ይነገር፤ ጥያቄም ይቅረብበት። አማርኛው ቢወላገድ ግድ የለም፤ የሚያቃኑት ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል፣ ልምዱም አላቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለምርምር ፈቃድ ሲሰጡ ይህንን በውል ውስጥ ማስገባት ይችላሉ፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሌቪን ጥያቄ መልስ የሰጡት ገበሬዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። አያቶቻቸው ስለራሳቸው የተናገሩትን በአያቶቻቸው ቋንቋ አንብበው፣ እውነቱን ይዘው ስሕተቱን የማረም መብት አላቸው፤ ይህንን መብት የሚያዘገይ ሁሉ በብድሩ ላይ ወለድ እየጨመረ ነው።