ማዳከም ማፍረስ አይደለም

የአስተውሎት ፈተናዎች ተፈታኙን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ የምክንያትና ውጤትን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው ሐሳብ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደንን የመታው ኮሌራ የጥያቄውን ክብደት ያሳያል። በሽታው በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ የተከራከረው ሐኪሙ ጆን ስኖው ባቀረበው ማስረጃ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን የብሮድ ጎዳና የውኃ ፓምፕ እጀታ ተነቀለ፤ ወረርሽኙም በረደ።

ይሁን እንጂ የሟቾች ቁጥር ከዚያ ቀን አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ ነዋሪም ሰፈሩን ለቆ ሸሽቷል። ስለዚህ «ወረርሽኙን የገታው የእጀታው መነቀል ነው» የሚለው ክርክር ይላላል። ስኖው ራሱም ይህን አልሸሸገም።

የላላው ግን ይህ ክርክር ብቻ ነው። በደቡብ ለንደን አንድ ዓይነት አየር እየተነፈሱ፣ ከሁለት ኩባንያዎች ውኃ የሚቀዱ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሞቱ የበረታው በፍሳሽ ከተበከለው የቴምስ ወንዝ ክፍል ውኃ በሚቀርብላቸው ቤቶች ነው። በእጀታው ታሪክ ድክመት የተነሣ የውኃውን ማስረጃ አብሮ የሚጥል ተመራማሪ፣ ፈተናውን ቢያልፍም እውነቱን ይስታል፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለውም ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ ነው።